ኩባንያና ባልንጀራ

ሰው ዕድሜውን ለሁለት ቤት ያካፍላል። አንደኛው የሚያድርበት፥ የሚመገብበትና ልጆቹን የሚያሳድግበት ቤት ነው። ሁለተኛው የላቡን ዋጋ የሚያገኝበት ቤት ነው። ቋንቋችንም ይህን አስቀድሞ ያወቀ ይመስል ሁለተኛውን «መሥሪያ ቤት» ብሎ ሰይሞታል። ቤት ከተባለ ዘንድ ደግሞ ቤት የሚያሰኘው ነገር ሊኖረው ይገባል። ግድግዳና ጣራ ብቻውን ቤት እንደማይሆን የቤተሰብ አባት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች በአንድነት የሚያከብሩት፥ በአንድነትም የሚያፍሩበት ነገር ከሌላቸው፥ ያ ቤት የመንገደኛ ማደሪያ ነው እንጂ ቤት አይባልም።

«ይህስ የነጋዴና የሹም ጉዳይ ነው፤ ከቤተሰብ ገጽ ጋራ ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ ብለን እንመልሳለን። አባት ወይም እናት ማታ ከሥራ ሲመለሱ ይዘው የሚገቡት ደመወዛቸውን ብቻ አይደለም፤ ቀኑን የዋሉበትን መንፈስ ጭምር ነው። በአለቃው ትእዛዝ ሲዋሽ የዋለ ሰው፥ ማታ ልጁን እውነት መናገር ሲያስተምር አንደበቱ ይያዛል። በሥራው ተከብሮ የዋለ ሰው ግን ቤተሰቡን ለማክበር አይቸገርም። ስለዚህ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለው ነገር መልካምም ቢሆን ክፉ መድረሻው የእራት ገበታ ነው።

ይህ ነገር በዛሬው ዘመን አነጋገር «የጋራ እሴት» ይባላል። የቆየ ስሙ ግን አንድ ልብ መሆን ነው። አንድ ልብ መሆን ማለት ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አሳብ ያስባል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጉባኤ በምድር ላይ አልተገኘም። ትርጓሜው ሌላ ነው፤ ይኸውም አሠሪውም ሠራተኛውም «ይህን ብንጎዳበትም እናደርገዋለን፤ ያን ግን ብንጠቀምበትም አናደርገውም» ብለው የተስማሙበት ነገር አላቸው ማለት ነው።

ስለ ቃል ካነሣን አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናመልክት። «ኩባንያ» የምንለው ቃል ከኤውሮፓ ቋንቋ ወደ እኛ የገባ ነው፤ ሥሩም በላቲን «ከ...ጋራ» እና «እንጀራ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ስለ ሆነ፥ መሠረታዊ ፍቺው እንጀራ አብሮ መብላት ማለት ነው። የእኛም «ባልንጀራ» ባለ እንጀራ፥ ማለት የእንጀራ ተካፋይ የሚል ፍቺ ይሰጠዋል። እንግዲህ ሁለት እጅግ የተራራቁ ሕዝቦች፥ ሳይመካከሩ፥ አብሮ የሚሠራና አብሮ የሚኖር ሰው የሚታወቀው እንጀራ በመካፈል መሆኑን ተረድተው ነበር። ኩባንያ ሁሉ ይህን ፍቺ ቢያስታውስ ከብዙ ክርክር በዳነ ነበር።

አሁን ነገሩን በምናውቀው ሰፈር ላይ እንመልከት። በመካከለኛው አዲስ አበባ በኡራኤል በኩል ማለዳ የሚያልፍ ሰው፥ ሠራተኛው ከታክሲ እየወረደ፥ ገሚሱ በቅዱስ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን በር ተሳልሞ፥ ገሚሱ ወደ ሰዓቱ እያየ፥ ወደየመሥሪያ ቤቱ ሲበተን ይመለከታል። ጸሐፊው፥ ሒሳብ ያዡ፥ ዘበኛው፥ አስተናጋጁ፥ መሐንዲሱ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ከዚያው አቅራቢያ ደግሞ በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አለ፤ በዚያም ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች በአንድ ግቢ ይሠራሉ። ይህ ሰፈር ከጥንቱ የሠራተኛ ሰፈር መሆኑን የጎረቤቱ የካዛንቺስ ስም ራሱ ይመሰክራል።

ካዛንቺስ የሚለው ስም የጣሊያን ቃል ነው። «ካዜ» ማለት ቤቶች ማለት ሲሆን፥ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት እንዲሠራ የተቋቋመው የጣሊያን ድርጅት ስም ምሕፃር ነው። ጠላት አገራችንን በያዘበት በ1928 ዓ.ም. እና በ1933 ዓ.ም. መካከል፥ ለገዛ ሠራተኞቹ በዚያ ቤት ሠራ፤ ሰፈሩም በዚያው ስም ቀረ። አሠሪ ለሠራተኛው ቤት መሥራቱ በራሱ የሚመሰገን ሥራ ነበር። ነገር ግን ያ መንግሥት ነጩን ከጥቁሩ በሕግ የሚለይና የአገሩን ባለቤት ከገዛ ከተማው ወደ ዳር የሚገፋ ስለ ነበረ፥ ቤቱ ያማረ ቢሆንም በውስጡ ፍትሕ አልነበረበትም። አምስት ዓመት ሳይቆይ ባለቤቱ ሄደ፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከሰፈሩ ሰፊው ክፍል ፈርሶ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሥፍራ ስለ ተዛወሩ፥ ከዚያ ዘመን የነበረው መልኩ እጅግ ተለውጧል።

ቤት መስጠት ብቻውን አንድ ልብ እንደማያደርግ በሌላም አገር ታይቷል። በአሜሪካ የባቡር ፉርጎ በመሥራት የበለጸገው ጆርጅ ፑልማን፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1880 ጀምሮ በቺካጎ አጠገብ ለሠራተኞቹ በስሙ የሚጠራ ከተማ ሠራ። ቤቱ ንጹሕ፥ መንገዱ ቀጥ ያለ፥ መጻሕፍት ቤትም ያለበት ነበር። በ1893 የገንዘብ ችግር በመጣ ጊዜ ግን ደመወዙን ቀነሰ፥ የቤቱን ኪራይ ሳይቀንስ ቀረ። ሠራተኛው ኪራዩን ከከፈለ በኋላ ለልጆቹ የሚተርፈው ነገር አጣ። በ1894 ታላቅ የሥራ ማቆም ሆነ፤ ወታደር ገባ፥ ደምም ፈሰሰ። ፑልማን ለሠራተኞቹ ቤት እንጂ እንጀራ አልተካፈላቸውም ነበርና ኩባንያው ኩባንያ አልሆነም።

ሌላው ባለጸጋ ሄንሪ ፎርድ በ1914 የሠራተኛውን የቀን ገቢ ከእጥፍ በሚተካከል አሳድጎ 5 ዶላር አደረገው፤ የሥራውንም ሰዓት 8 አደረገ። ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን ተቆጣጣሪዎች ወደ ሠራተኛው ቤት እየላከ፥ ቤቱ ንጹሕ መሆኑን፥ መጠጥ አለመጠጣቱን፥ ገንዘብ ማጠራቀሙን ያስመረምር ነበር፤ ፈተናውን ያላለፈ ሰውም ጭማሪውን አያገኝም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህ ምርመራ ቀረ። ከዚህ የምንማረው፥ የጋራ እምነት በስለላ የማይገኝ መሆኑን ነው። አሠሪ የሠራተኛውን ጓዳ ሊፈትሽ አይገባውም፤ የራሱን አዳራሽ ግን ለሠራተኛው ዓይን ክፍት ማድረግ ይገባዋል።

ታዲያ አንድ ልብነት በምን ይገኛል? ሮበርት ኦወን የተባለው ሰው በ1800 በስኮትላንድ አገር ኒው ላናርክ በምትባል ሥፍራ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ማስተዳደር ጀመረ። የአገሩ ሠራተኞች እንግዳ ነው ብለው ስላልወደዱት፥ የሚያወጣውን ደንብ ሁሉ በጥርጥር ይመለከቱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋራ ያላት ንግድ በመታገዱ የጥጥ ዋጋ ከመጠን በላይ ወጣ፤ ብዙ ፋብሪካዎችም ተዘግተው ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። ኦወን ግን መሣሪያዎቹን አቁሞ፥ ሠራተኞቹ ፋብሪካውን በንጽሕና እንዲጠብቁ ብቻ አዝዞ፥ አራት ወር ያህል ሙሉ ደመወዛቸውን ከፈለ። ከዚያ ቀን በኋላ ጥርጥሩ ጠፋ። ብዙ ስብከት ያልሠራውን አንድ የከሰረ ሒሳብ ሠራው። በ1816 ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲከፍትም ወላጆቹ በደስታ ተቀበሉት።

አባቶቻችን «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች» ብለው ተርተዋል። በጓ የተማመነችው ጌታዋ ስለ በግ ፍቅር ንግግር ስላደረገላት አይደለም፤ ጅብ በመጣበት ሌሊት ተነሥቶ እንደ ጮኸላት ስላየች ነው። ሠራተኛም እንዲሁ ነው፤ የአሠሪውን እምነት የሚለካው በጥጋብ ቀን በተነገረ ቃል ሳይሆን በችግር ቀን በተከፈለ ዋጋ ነው።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አሳይቷል። ያ ኩባንያ አክብሮት፥ ሐቀኝነት፥ መነጋገርና ብልጫ የሚሉ አራት ቃላት መመሪያዬ ናቸው ብሎ በየሥፍራው ያስነግር ነበር። በውስጡ ግን የበላዮቹ ዕዳውን ደብቀው ትርፍ ያለ አስመስለው ሒሳብ ይጽፉ ነበር። በ2001 ከሰረ። በሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ፤ ብዙዎቹም ለእርጅናቸው ያጠራቀሙትን ገንዘብ በኩባንያው አክሲዮን አድርገውት ስለ ነበረ አብሮ ጠፋባቸው። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሐቀኝነት የስንቱን ቤተሰብ ጓዳ ባዶ እንዳስቀረ ልብ ማለት ነው።

ከአገራችን ምሳሌ ብንፈልግ ከኡራኤል ብዙ ወደማይርቀው ወደ ቦሌ እንሂድ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያን ጊዜ በቲ.ደብሊው.ኤ. ኩባንያ ጋራ በተደረገው ውል፥ አብራሪዎቹም ሥራ አስኪያጆቹም አሜሪካውያን ነበሩ። ነገር ግን ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ እንዲዛወር ታስቦ ነበርና፥ ሠራተኛው ዛሬ የሚያጥበውን አውሮፕላን ነገ ሊጠግነው፥ ከነገ ወዲያም ልጁ ሊያበርረው እንደሚችል ያውቅ ነበር። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ዓለማየሁ አበበ በካፒቴንነት አበረረ፤ በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ይህ ለአሠሪና ለሠራተኛ የጋራ የሆነ አሳብ ነበር። በወረቀት ላይ ብቻ ሳይቀርም በሰዎች ሹመት ታየ።

የዚሁ አየር መንገድ ሠራተኞች ለቤተሰብ የሚበጅ ሌላም ነገር አድርገዋል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በመካከላቸው የቁጠባና የብድር ማኅበር አቋቋሙ፤ ይህም በአገራችን ከተቋቋሙት የዚህ ዓይነት ማኅበራት የመጀመሪያው ነው ይባልለታል። ከደመወዙ በየወሩ ጥቂት የሚያስቀምጥ ሰው ልጅ ለማስተማር ወይም ቤት ለመሥራት ሲቸገር ከባልንጀሮቹ ይበደራል እንጂ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ አይቆምም። ኮሮና የተባለው ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. የዓለምን አየር መንገዶች ባስጨነቀ ጊዜም፥ ድርጅቱ ከአንዳንድ አውሮፕላኖቹ የመንገደኛ መቀመጫ እያወጣ ጭነት በመጫን ሥራውን ቀጠለ። በእርግጥ በዚህም ቤት ቢሆን በአስተዳደሩና በሠራተኛው ማኅበር መካከል ክርክር መነሣቱ አልቀረም። ክርክር መኖሩ ግን አንድ ልብነት መጥፋቱን አያመለክትም፤ ባልና ሚስትም ይከራከራሉ። የሚያስፈራው ክርክሩ በግልጽ መነገሩ ቀርቶ በሹክሹክታ ሲሆን ነው።

እዚህ ላይ ለክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም ሰው ለሚያስተዳድሩት፥ አንድ ነገር ደፍረን እንናገራለን። የጋራ እምነት የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። ጥያቄው የትኛው እምነት ነው የሚለው ነው። አለቃው መልካሙን ካልተከለ ሥፍራው ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ይገባበታል። ከዚያ በኋላ የበታቹ «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ይላል። እነዚህም የጋራ እምነቶች ናቸው፤ አሠሪውና ሠራተኛው በእነርሱ ከተስማሙ አንድ ልብ ሆነዋል፤ ነገር ግን ለጥፋት ነው። ደግሞም የሁለተኛውን ተረት አነጋገር እንመልከተው። የሚዘርፈው ሰው እንኳ ቤቱ የአባቱ መሆኑን አልካደም። አባት የሚሆነው ሰው በማጣቱ ብቻ ወራሹ ሌባ ሆነ።

ስለዚህ ይህን ለማቃናት የሚጠቅም መስሎ የታየንን በአጭሩ እንዘረዝራለን።

አንደኛ፤ ደንቡ በጥቂት ቃል ይጻፍ፤ ሲጻፍም ዘበኛውና ጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀሩ ይጠየቁበት። ያልተጠየቀበትን ሕግ ሰው ይፈራዋል እንጂ አይወደውም።

ሁለተኛ፤ ደንቡ ከላይ ይጀምር። አለቃው ዘግይቶ እየገባ የበታቹን ሰዓት ቢቈጥር፥ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለግል ጉዳዩ እያሰማራ ስለ አንድ ደስታ ወረቀት ቢቈጣ፥ የተጻፈው ሁሉ መሳቂያ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ሕግ የሰጠው መብት እንደ ችሮታ አይቈጠር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ለአንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት፥ ለወላድ እናት ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋራ ፈቅዷል። አባትም 3 ቀን አለው፤ ጋብቻ ለፈጸመና የቅርብ ዘመድ ለሞተበትም እንዲሁ 3 የሥራ ቀን ተሰጥቶታል። አራስ ሚስቱን ትቶ እንዲመጣ የተገደደ ሰው ለኩባንያው ልቡን ይሰጣል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው።

አራተኛ፤ የመሥሪያ ቤት እድር ይከበር። ከእኛ ባሕል ውስጥ አሠሪና ሠራተኛ እኩል የሚቀመጡበት ሥፍራ ቢኖር የለቅሶ ድንኳን ነው። የበላዩ ከበታቹ ድንኳን ገብቶ በአግዳሚ ወንበር ላይ ጥቂት ቢቀመጥ፥ በዓመት በዓል ከሚደረግ ረጅም ንግግር የበለጠ ያስተምራል።

አምስተኛ፤ ሠራተኛውም የራሱን ድርሻ ይወቅ። አደራ የሁለት ወገን ነው። የተከበረ ሠራተኛ ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» እያለ ቢያመላልስ፥ የተቀበለውን ክብር ወደ ታች አላሳለፈምና ዕዳ አለበት። ከሩቅ አገር የመጣው ባለጉዳይ መሥሪያ ቤቱን የሚያውቀው በደንቡ መጽሐፍ ሳይሆን በመስኮቱ በተቀመጠው ሰው ፊት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንመለስ። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ፥ በመሥሪያ ቤት የሰው ተቀጣሪ ቢሆኑም፥ በቤታቸው አሠሪዎች ናቸው። ምግብ የምታበስል፥ ልጅ የምትይዝ፥ በር የሚጠብቅ ሰው በቤታቸው አለ። እንግዲህ የቤተሰብ መጀመሪያው ኩባንያ ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሠራተኛው ከአሠሪው ቤት የሚኖር ሲሆን፥ አሠሪው ስለ መኝታው፥ ስለ ምግቡ፥ ስለ ሥራውና ስለ ዕረፍቱ ሰዓት ጤንነቱና መልካም ጠባዩ የሚጠበቅበትን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። በስብሰባ ላይ ስለ ሰው ክብር በሚያምር ቃል የሚናገር ሹም፥ ቤቱ ሲገባ የምታገለግለው ልጅ ከሁሉ በኋላ ምን እንደምትበላ፥ የት እንደምትተኛ፥ ፊደል ትቈጥር እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ቢያድር፥ ትምህርቱ ከየት ይምጣ?

ልጆቻችን ይህን ሁሉ ያያሉ። ስለ ሥራ የሚማሩት አስተማሪ ከሚነግራቸው ይልቅ በገበታ ዙሪያ ከሚሰሙት ነው። አባት «ዛሬ አንድ ድሀ መዝገቡ ጠፍቶበት ፈልጌ ሰጠሁት» ሲል የሰማ ልጅና፥ «ዛሬ እገሌን አመላለስሁት፤ ካልሰጠኝ አልጨርስለትም» ሲል የሰማ ልጅ፥ ከሃያ ዓመት በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት ቢገናኙ አንድ ልብ ሊሆኑ አይችሉም። የነገው ኩባንያ ዛሬ በየቤታችን በእራት ሰዓት ይቋቋማል።

ከዚህ በላይ ቃል ማብዛት አያስፈልግም። ገንዘብ ሠራተኛን ያስገባል፤ ልቡን የሚያስቀምጠው ግን እንጀራውንም መከራውንም የሚካፈለው አሠሪ ነው። ኩባንያ ያለው ሁሉ ባልንጀራ እንዳለው ይመርምር። ባልንጀራ ከሌለው ግን፥ ያለው ሕንፃና ማኅተም ብቻ መሆኑን ይወቅ።